ፒ ኤም ፕላስ ለሰፈር በጎ ፈቃደኞች ይሆናል ወይ?

ጎረቤት እንቅልፍ ሲያጣ፣ ከሰው ሲሸሽ፣ ፊቱ ሲጠቁር አይቶ ዝም ማለት የሚከብደው ሰው ብዙ ነው። የሚያስቸግረው ከዚያ በኋላ ያለው ነው። ምን ልበለው? ምን ያህል ልግባበት? እስከ መቼ? የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2016 ያወጣው «ፕሮብሌም ማኔጅመንት ፕላስ»፣ ባጭሩ ፒ ኤም ፕላስ፣ ለእነዚህ ጥያቄዎች የተዘጋጀ መልስ ነው። የሥነ ልቦናም ሆነ የሕክምና ዲግሪ የሌለው ሰው ሠልጥኖ፣ ችግር የተደራረበበትን አዋቂ በሳምንት አንድ ጊዜ ለ90 ደቂቃ እያገኘ በአምስት ቀጠሮ የሚረዳበት አሠራር ነው። ማኑዋሉ ከኢንተርኔት በነጻ ይወርዳል። ብዙ ማኅበራትን የሚያሳስተውም ይኸው ነጻነቱ ነው፤ ወጪው ያለው ሌላ ቦታ ነው።

ፍርዱን ቀድመን እንናገር። በየሳምንቱ ረዳቶቹን ሰብስቦ ሥራቸውን የሚያይላችሁ ባለሙያ ካለ፣ አንድ የሰፈር ማኅበር ለጎረቤቶቹ ሊያቀርብ ከሚችለው ሁሉ ይህን እናስቀድማለን። ባለሙያው ከሌለ ግን አትጀምሩት፤ ከታች የምናነሳቸው ቀለል ያሉ አማራጮች አሉ።

በመጀመሪያው ቀጠሮ ትውውቁና የሚስጥር ጉዳይ ካለቀ በኋላ የሚሰጠው ትምህርት ቀስ ብሎ መተንፈስ ነው። ትከሻን አፍታትቶ፣ ሆድን እያነሱ ሦስት ሰከንድ ማስገባት፣ ሦስት ሰከንድ ማስወጣት። ቀላል ስለሚመስል ረዳቶች ይቸኩሉበታል። አብዛኛው ሰው «በደንብ ተንፍስ» ሲባል ደረቱን ጢም አድርጎ ይሞላና ከጥቂት ዙር በኋላ ራሱን ያዞረዋል፤ ከዚያ «ይሄ ነገር አይስማማኝም» ብሎ ይተወዋል። ያዞረው ዘዴው ሳይሆን ከመጠን በላይ መተንፈሱ ነው። መፍትሔው የሚገባውን አየር መቀነስና ፍጥነቱን ከሰዓት ቆጠራ ጋር ማስተካከል ነው፦ አንድ እጅ ደረት ላይ፣ አንድ እጅ ሆድ ላይ ይደረግና የሚንቀሳቀሰው የታችኛው እጅ ብቻ እስኪሆን ድረስ ይለማመዳል። ሌላው ስሕተት ጭንቀት እስኪመጣ መጠበቅ ነው። በሰላሙ ሰዓት ያልተለመደ አተነፋፈስ በጭንቀት ሰዓት አይገኝም። ስለዚህ ቀጠሮው ከማለቁ በፊት በቀን ውስጥ ስንት ጊዜ፣ በየትኛው ሰዓት፣ የት ተቀምጦ እንደሚለማመድ ይወሰናል፤ በቀሪዎቹ ቀጠሮዎችም ሁሉ ይደገማል።

የፕሮግራሙ እምብርት ሁለተኛው ቀጠሮ ነው። ሰባት ደረጃ አለው፦ ችግሮችን መዘርዘር፣ አንዱን መምረጥ፣ እሱን በግልጽ ማስቀመጥ፣ መፍትሔ ማፍለቅ፣ ከፈለቁት ውስጥ የሚጠቅሙትን መምረጥ፣ ዕቅድ ማውጣት፣ በሚቀጥለው ሳምንት ውጤቱን ማየት። ሲዘረዘር ሰውየው ሊያደርግበት የሚችለው ነገር ያለውና የሌለው ይለያል። የሞተ ሰው አይመለስም፤ ያልተከፈለ ኪራይ ግን መነጋገሪያ አለው። መጀመሪያ የሚመረጠውም ትልቁ ችግር ሳይሆን ቶሎ ሊነቃነቅ የሚችለው ነው።

ሦስተኛውን ደረጃ ጠጋ ብለን እንየው፣ ምክንያቱም ሥራው የሚሳካውም የሚከሽፈውም እዚህ ላይ ነው። ሰውየው «ሕይወቴ ተበላሽቷል» ብሎ ይገባል። በዚህ ላይ ማንም ዕቅድ ሊያወጣ አይችልም። ረዳቱ መቼ፣ ከማን ጋር፣ ምን ያህል፣ ምን ተብሎ እያለ ሲጠይቅ ነገሩ ይጠብባል፦ «የሁለት ወር ኪራይ አለብኝ፤ አከራዩ እስከ ወሩ መጨረሻ ካልከፈልክ ትለቃለህ ብሎኛል፤ ከዚያን ቀን ጀምሮ ስልኩን አላነሳም።» አሁን የሚያዝ ነገር ተገኘ። ምናልባት የመጀመሪያው ችግር ገንዘቡ ሳይሆን ስልኩ አለመነሣቱ ሊሆን ይችላል። በዕቅዱ ላይም «አከራዩን አናግራለሁ» ተብሎ አይጻፍም፤ ሐሙስ ከሥራ ሲወጣ፣ በስልክ፣ መጀመሪያ ይቅርታ፣ ቀጥሎ ግማሹን በዚህ ቀን የሚል ሐሳብ፣ ተብሎ ይጻፋል። ንግግሩን ከረዳቱ ጋር አንዴ ጮክ ብሎ መለማመድ ከመጻፉ የበለጠ ይጠቅማል።

ረዳቶች እዚህ ጋ የሚወድቁት ምክር በመስጠት ነው። ማኑዋሉ ምክር አትስጡ ይላል፤ ጎረቤት ደግሞ ምክር ሳይሰጥ መቀመጥ አይሆንለትም። «እኔ ብሆን ኖሮ» የምትል ሐረግ ከወጣች ቀጠሮው አቅጣጫውን ይስታል። ምክሩ ከሠራ ሰውየው የተማረው ረዳቱን መጠየቅን ነው፤ ካልሠራ ጥፋቱ የረዳቱ ነው፣ ሁለቱም ደግሞ በአንድ መንገድ ላይ ነው የሚኖሩት። የባልና ሚስት ጉዳይ ሲሆን ነገሩ ይብሳል። ከምክር ይልቅ «ወዳጅህ እንዲህ ያለ ችግር ቢገጥመው ምን ትለው ነበር?» ብሎ መጠየቅ ይቻላል። መልሱ እስኪመጣ ያለውን ዝምታ መታገስ በሥልጠና የሚገኝ ችሎታ ነው።

ሦስተኛው ቀጠሮ መነሣትና መቀጠልን ይመለከታል። በድባቴ ውስጥ ያለ ሰው ስሜቱ እስኪመለስ ይጠብቃል፤ እየጠበቀ ሥራው ይከመራል፤ መከመሩ ደግሞ ስሜቱን ያባብሰዋል። አሠራሩ ይህን ይገለብጠዋል፦ መጀመሪያ ድርጊት፣ ስሜቱ በኋላ ይከተላል። አንድ ቀድሞ የሚወደው ነገር፣ አንድ ደግሞ የተጠራቀመ ሥራ ይመረጥና ይቆራረሳል። «ቤቱን አጸዳለሁ» ትልቅ ነው። ማክሰኞ ጠዋት ፊቱን እንደታጠበ፣ ለአሥር ደቂቃ፣ አልጋው አጠገብ ያለውን ጥግ ብቻ፤ ይህ ልክ ነው። ሳይሠራ ከመጣ ረዳቱ «በርታ እንጂ» ካለ ተበላሸ። ቁርጡ በዝቶ ነበር ማለት ነውና ለሁለት ይከፈላል። ስልክ ላይ ማስታወሻ መሙላት ወይም አብሮት ከሚሠራ ሰው ጋር ቀጠሮ መያዝ ብዙ ጊዜ ለውጥ ያመጣል።

አራተኛው ማኅበራዊ ድጋፍን ማጠናከር ነው። ሰውየው «ሰው የለኝም» ይላል፤ ብዙ ጊዜ ሰው ጠፍቶ ሳይሆን ሸክም መሆንን ፈርቶ ነው። በትንሹ ይጀመራል፦ አንድ የሚታመን ሰው፣ አንድ ትንሽ ጥያቄ፣ ከዚያ ምን እንደተሰማው ማየት። ድጋፍ ሲባል ሆድን መግለጥ ብቻ አይደለም። አብሮ መንገድ መሄድ፣ ልጅ ለአንድ ሰዓት መያዝ፣ ወደ ሚመለከተው መሥሪያ ቤት መላክም ድጋፍ ነው። የዚህ ቀጠሮ ወጥመድ ረዳቱ ራሱ ያ ብቸኛ ሰው ሆኖ መቅረቱ ነው። ጎረቤት ስለሆነ ማታ ይደወልለታል፣ ብድር ይጠየቃል፣ ከዘመድ ጋር አስታርቀኝ ይባላል። በመጀመሪያው ቀን «የምንገናኘው በዚህ ቀን፣ በዚህ ሰዓት ነው፤ ገንዘብ አላበድርም፤ ከቀጠሮ ውጪ አደጋ ከመጣ የሚደወለው እዚህ ነው» ያላለ ረዳት አራተኛው ሳምንት ላይ በሩን መዝጋት ይጀምራል። አንድ ነገር ደግሞ በጥብቅ ይያዝ፦ ቤት ውስጥ ጥቃት አለ ከተባለ ጥቃት አድራሹን ጠርቶ ማነጋገር አይታሰብም። ሴትዮዋ የተናገረችው ወደ ቤት ይመለሳል፣ የምትቀጣውም እሷ ናት።

አምስተኛውን ቀጠሮ አትዝለሉት፤ ብዙ ሰው ቀለል ስላለው ይቀራል። በዚያ ቀን የሌሎች ሰዎች የችግር ታሪክ ይነበብና «ይህን ሰው ከተማርከው ውስጥ በየትኛው ትረዳዋለህ?» ተብሎ ይጠየቃል። መልሱ ሰውየው ዘዴውን ለብቻው ይዞ መሄድ አለመሄዱን ያሳያል። ጭንቀቱ ሲመለስ መጀመሪያ የሚታየው ምልክት ምን እንደሆነና ያን ጊዜ ምን እንደሚያደርግም በገዛ ቃሉ ይጻፋል።

ይሠራል ወይ? ይሠራል፣ ከገደብ ጋር። ፔሻዋር፣ ፓኪስታን ውስጥ 346 ሰዎች የተካፈሉበትና እ.ኤ.አ. በ2016 የታተመው ጥናት፣ እንዲሁም ናይሮቢ ውስጥ ጾታዊ ጥቃት የደረሰባቸውን ጨምሮ 421 ሴቶች የተካፈሉበትና በ2017 የታተመው ጥናት፣ ከሦስት ወር በኋላ የጭንቀትና የድባቴ ምልክቶች ከተለመደው እርዳታ ይልቅ መቀነሳቸውን አሳይተዋል። የናይሮቢዎቹ ረዳቶች የማኅበረሰብ ጤና ሠራተኞች ነበሩ። በቡድን የሚሰጠው ዓይነት በፓኪስታን ስዋት 612 ሴቶች ላይ ተሞክሮ ውጤት አሳይቷል። ዮርዳኖስ ውስጥ በሶርያ ስደተኞች ላይ የተሠራው የቡድን ጥናት ግን ልብ ይባልበት፦ በሦስት ወር የታየው መሻሻል በዓመቱ ሲታይ አልዘለቀም። ችግሩ እንዳለ በቀጠለበት ኑሮ አምስት ቀጠሮ ዓመት ሙሉ ይበቃል ብሎ ማንም ቃል አይግባ።

ለማን እንደማይሆንም ማኑዋሉ በግልጽ ያስቀምጣል። ሰው የማይሰማውን ድምፅ የሚሰማ፣ በመጠጥ ወይም በሌላ ሱስ ክፉኛ የተያዘ፣ ማስተዋሉ በጣም የተጎዳ፣ ወይም በቅርቡ ራሱን ለማጥፋት ያቀደ ሰው ወደ ጤና ባለሙያ ይላካል እንጂ በዚህ አይያዝም። ለማጣሪያ የሚረዱት መጠይቆች፣ ከእነሱም አንዱ የድባቴ ምልክቶችን የሚለካው ባለ ዘጠኝ ጥያቄው ፒ ኤች ኪው ዘጠኝ፣ አብረው አሉ። ቁጥሩ ብቻውን አይወስንም፤ ሰውየው ሥራውንና ቤቱን እንዴት እየያዘ እንደሆነም ይጠየቃል።

ራስን ስለማጥፋት መጠየቅ ረዳቶችን ከሁሉ በላይ የሚያስፈራቸው ነው። ጥያቄው ሐሳቡን ያመጣል የሚለው ፍርሃት መሠረት የለውም። የሚጎዳው «እንደዚያ ያለ ነገር አታስብም አይደል?» ዓይነት ጥያቄ ነው፤ መልሱን ይዞ ስለሚመጣ ሰውየው «አይ» ብሎ ያልፋል። በቀጥታ «ባለፈው ወር ራስህን ስለማጥፋት አስበህ ታውቃለህ?» ተብሎ ይጠየቃል። አዎ ካለ እንዴት እንዳሰበ፣ ምን እንዳዘጋጀ፣ በሚቀጥሉት ሁለት ሳምንታት ሊያደርገው አስቦ እንደሆነ ይጠየቃል። ዕቅድ ካለ ወይም መልሱ ካላጠገበ ሚስጥር የሚባል ነገር እዚያ ላይ ያበቃል፦ ሰውየው ብቻውን አይተውም፣ የረዳቶቹን ሥራ ለሚያየው ባለሙያ ወዲያው ይደወላል፣ መድኃኒት፣ ፀረ ተባይ ወይም መሣሪያ ካለ ከአጠገቡ ይወሰዳል፣ ወደ ሕክምና አብሮት ሰው ይሄዳል። ይህ የሚስጥር ገደብ በመጀመሪያው ቀጠሮ የመጀመሪያ ደቂቃዎች ላይ ካልተነገረ በኋላ ክህደት ይመስላል።

አሁን ወደ ወጪው። ቀድሞ ልምድ ለሌለው ረዳት በክፍል ውስጥ ወደ 80 ሰዓት ሥልጠና ይመከራል፤ ከዚያ በቅርብ ክትትል ሥር የሚያዙ የልምምድ ተገልጋዮች፣ ከዚያ ደግሞ ሥራው እስካለ የማይቋረጥ ሱፐርቪዥን፣ ማለትም ባለሙያው በየሳምንቱ የረዳቶቹን ሥራ የሚያይበት ክትትል። ማኅበራት ለመጀመሪያው ገንዘብ ያገኛሉ፤ የምስክር ወረቀትና ፎቶ አለውና። ለመጨረሻው ማንም አይሰጥም። ሱፐርቪዥን በቀረበት ቦታ ጥፋቱ በአንዴ አይታይም። በጥቂት ሳምንት ውስጥ 90 ደቂቃው 40 ይሆናል፣ መተንፈሱ ይዘለላል፣ ምክሩ ተመልሶ ይገባል። ረዳቱም ማታ ማታ የሰማውን እያሰበ እንቅልፍ ያጣል። ሱፐርቪዥኑ ሪፖርት መስማት ብቻ ከሆነም አይረባም። ረዳቱ አንዱን ያስቸገረውን ሁኔታ ተነሥቶ በሮል ፕሌይ፣ ማለትም ቀጠሮውን እንደ ድራማ ተጫውቶ፣ ማሳየት አለበት፤ «ጥሩ ነው የሄደው» ያለው ሰው ሲያሳይ ነው ምን እንዳለ የሚታወቀው። የዓለም ጤና ድርጅትና ዩኒሴፍ ያዘጋጁት «ኢኩዊፕ» የተባለው መድረክ የረዳትን ብቃት በሮል ፕሌይ የሚመዝኑ ቅጾችን ይሰጣል። ሥልጠናውን የጨረሰ ሁሉ ይመዘን፣ ያላለፈም ይደገምለት። ዕድሜውና ቸርነቱ የሚያስከብረውን ሰው «ገና ነህ» ማለት ይከብዳል፤ ዳኝነቱን ለውጭ ባለሙያ መስጠት ይሻላል።

ማኑዋሉ ላይ ያለን ቅሬታ አንድ ሰፈር ውስጥ አብረው ስለሚኖሩ ሰዎች በቂ አለማሰቡ ነው። ሚስጥር ጠብቅ ማለት ብቻውን አይበቃም። ረዳቱ ወደ አንድ ቤት በየሳምንቱ ሲገባ ከታየ ሚስጥሩ ያኔ ወጥቷል። ቀጠሮው ብዙ ሰው ለብዙ ጉዳይ በሚገባበት ቦታ ይሁን፤ በሩ ይዘጋ፣ ድምፅ ግን ወደ ውጭ አይውጣ። ማስታወሻ ላይ ስም አይጻፍ፤ የስምና የቁጥር ዝርዝሩ በአንድ ሰው እጅ፣ በተቆለፈ ቦታ ይቀመጥ። ዘመድ፣ የሥራ ባልደረባና ባለ ዕዳ ለሌላ ረዳት ይተላለፍ። መንገድ ላይ ሲገናኙ ማን ቀድሞ ሰላም እንደሚልም ይስማሙ። ትንሽ ነገር ይመስላል፤ ሰላምታ የተነፈገ ሰው ግን በሚቀጥለው ሳምንት አይመጣም። ሌላው ቅሬታችን የሚነበበው ጽሑፍ ብዛት ነው። አዲስ ረዳት ከወረቀቱ ላይ ዓይኑን አያነሣም፣ ሰውየውም ቅጽ የሚሞላ ይመስለዋል። ንባቡ በልምምድ በራሱ ቃል እስኪሆን ድረስ ተገልጋይ አይሰጠው።

ሱፐርቪዥን ለማቋቋም አቅም ከሌለ ምን ይሻላል? እ.ኤ.አ. በ2011 የወጣው ሥነ ልቦናዊ የመጀመሪያ እርዳታ ማየት፣ ማዳመጥ፣ ማገናኘት በሚሉ ሦስት ተግባራት የቆመ ነው። እሳት፣ ጎርፍ ወይም ድንገተኛ ሞት በደረሰ ሰሞን ይጠቅማል። ለወራት የቆየ ድባቴ ግን አይመለከተውም፤ የሆነውን ሁሉ ከሥር ጀምረህ ንገረኝ ማለትም የሱ አካል አይደለም። በሰዎች ላይ እንዲህ ያለ ንግግርን መጫን እንደማይጠቅም፣ ሊጎዳም እንደሚችል የታወቀ ነው። እ.ኤ.አ. በ2000 በአውስትራሊያ በቤቲ ኪችነርና በአንቶኒ ጆርም የተጀመረው «ሜንታል ኸልዝ ፈርስት ኤይድ» (የአእምሮ ጤና የመጀመሪያ እርዳታ) ኮርስ የተማሪውን ዕውቀትና ድፍረት ይጨምራል፤ እርዳታው የተሰጠው ሰው ምን ያህል እንደተሻለው ግን ማስረጃው ቀጭን ነው። ለማኅበር አመራሮችና ለመምህራን እንመክረዋለን፣ ፒ ኤም ፕላስን ግን አይተካም።

ባለሙያ ለሌለው ማኅበር ከሁሉ የሚቀርበው «ሰልፍ ኸልፕ ፕላስ» (ራስን መርዳት) ነው። አምስት ጊዜ፣ በየጊዜው ሁለት ሰዓት፣ እስከ 30 ሰው በአንድ ላይ ተቀምጦ በድምፅ የተቀዳ ትምህርት ያዳምጣል፤ በሥዕል የተሠራ መጽሐፍም ይዞ ይሄዳል። ዋናው ይዘት የተቀዳ ስለሆነ አስተባባሪው አጭር ሥልጠና ይበቃዋል፣ የግል ጉዳይም አይጠየቅም። ዩጋንዳ ውስጥ 694 ደቡብ ሱዳናውያን ስደተኛ ሴቶች በተካፈሉበት ጥናት ከሦስት ወር በኋላ ለውጥ አሳይቷል። ድምፁ ግን አዳማጩ በሚናገርበት ቋንቋና ዘዬ ካልተቀዳ ሰው በሁለተኛው ሳምንት ይበተናል። ከሐራሬ፣ ዚምባብዌ የተነሣው «ፍሬንድሺፕ ቤንች» (የወዳጅነት አግዳሚ) ደግሞ የፒ ኤም ፕላስ ቅርብ ዘመድ ነው። የሥነ አእምሮ ሐኪሙ ዲክሰን ቺባንዳ እ.ኤ.አ. በ2006 የጀመሩት ሲሆን፣ በጤና ጣቢያ ግቢ አግዳሚ ወንበር ላይ የተቀመጡ አረጋውያን ሴቶች ችግር መፍታትን ያስተምራሉ። እ.ኤ.አ. በ2016 የታተመው ጥናቱ በ24 ክሊኒኮች 573 ሰዎችን አካትቶ ውጤቱ ጎልቶ ታይቷል። ሰዎች አግዳሚውን ይቀዳሉ። የውጤቱ ምንጭ ግን ከኋላ ያለው የጤና ጣቢያና ክትትል ነው፤ ያለ እሱ የተተከለ ወንበር መቀመጫ ብቻ ነው።

ፒ ኤም ፕላስን ለመጀመር የወሰናችሁ፣ የሚቀበላችሁን የጤና ተቋምና እዚያ ስልክ የሚያነሣውን ሰው ሳታውቁ የመጀመሪያውን ተገልጋይ አትቀበሉ። ለጀማሪ ረዳት በአንድ ጊዜ ከሦስት ሰው በላይ አትስጡ። ከአምስተኛው ቀጠሮ በኋላ በመጀመሪያውና በሦስተኛው ወር አጭር መገናኛ ጨምሩ፤ ማኑዋሉ ባይጠይቃችሁም የዮርዳኖሱ ውጤት ይጠይቃችኋል። ቦታ ሲሞላም ለሚመጣው ሰው «እንጠራሃለን» አትበሉት፤ ቀኑን ጽፋችሁ ስጡት፣ እስከዚያው ቢብስበት የሚሄድበትንም ከሥሩ ጻፉለት።